ባለ ሁለት ስልኩ ሽማግሌ

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ አጎንብሶ ማየት ነው፤ ያየሁትን ደግሞ ሳልጨምርና ሳልቀንስ መናገር። በመስከረም መጨረሻ ከሆሳዕና ወደ ጃጁራ ስንሄድ በመንገድ ላይ ያየሁትንና የሰማሁትንም እንደዚያው አድርጌ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ፍርዱን አንባቢ ይስጥ፤ የእኔንም ግን አልደብቅም።

አብራኝ የምትሄደው ጵርስቅላ ነበረች። በአንድ ጤና ጣቢያ እንሠራለን፤ እሷ ነርስ ናት። ወደ ወላጆቿ ቤት የምትሄደው ለደስታ አልነበረም። ሙዱላ ተወልዶ እዚያው ከሚያስተምር ሚክያስ ከሚባል ወጣት ጋር ሊጋቡ ሁለቱ ቤተሰቦች ተስማምተው ነበር። በአገሩ ልማድ ግን ዝምድና እንዳይኖር የሁለቱ ዘር አስቀድሞ ይጣራል። የሁለቱንም ወገን ትውልድ ያውቃሉ የተባሉ ጋሽ ሄራሞ የሚባሉ ሽማግሌ ተጠሩና፣ የሚክያስ አያት የተወለደችው ከጵርስቅላ አባት ቤተ ዘመድ ነው አሉ። በዚህ አንድ ቃል ጋብቻው ቆመ። የሙዱላ ሰዎች "እኛ አያታችንን የአንጋጫ ሰው አድርገን ነው የምናውቃት" ቢሉም፣ ጋሽ ሄራሞ "ያደገችው እንጂ የተወለደችው አንጋጫ አይደለም" ብለው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው መጠየቅ ሽማግሌን መናቅ ሆኖ ተቆጠረ። እኛ በተጓዝንበት ዕለት ከሰዓት በኋላ የጵርስቅላ ዘመዶች ተሰብስበው የመጨረሻውን "አይሆንም" ሊልኩ ነው።

"ምን ልትያቸው ነው?" አልኳት መናኸሪያው በር ላይ።

"ምን እንደምል አላውቅም፣ ትርፍዬ። ዝም እንደማልል ግን አውቃለሁ።"

ሚኒባሱ ገና አልሞላም። መካከለኛው ወንበር ላይ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ያቆሙ፣ ኮታቸው በደንብ የተተኮሰ አዛውንት ተቀምጠዋል። በቀኝ እጃቸው በጣት የሚነካ ‘ታች’ ስልክ፣ በግራቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ይዘዋል። ሁለቱም ክፍት ናቸው። አንዱን ደረታቸው ላይ ደፍተው በሌላው ያወራሉ፤ ከዚያ ያኛውን ደፍተው ይህን ያነሳሉ። እንዲህ እያደረጉ ሳሉ በባለ ቁልፉ ለጠራቸው ሰው፣

"ስማኝ፣ ነገሩን አታርዝመው። ላሟን ከነጥጃዋ መልስለትና ይቅርታ ጠይቀው" አሉት።

የዚያኛው ሰው ድምፅ ሚኒባሱን ሞላው። "ጋሽ ሄራሞ፣ እኔ እኮ የአጥር ጉዳይ ነው ያለኝ። ላም የለኝም።"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አዛውንቱም ሳቁ። "ላም ከሌለህ ምን አጨቃጨቀህ ታዲያ" ብለው ዘጉትና የላሟን ባለቤት ፍለጋ ወደ ሌላው ስልክ ዞሩ።

ጵርስቅላ አልሳቀችም። ስሙን ሰምታለች። እጄን ያዝ አድርጋ "እሳቸው ናቸው" አለችኝና፣ ከኋላ የያዝነውን ቦታ ትታ ከጎናቸው ሄዳ ተቀመጠች። እኔም ተከተልኳት።

በሀዲይኛ ሰላምታ ተለዋወጡ። የዱራሜ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ ለእኔ ብለው ወደ አማርኛ መለሱት።

"የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?"

"የጃጁራው የአቶ አበራ ልጅ ነኝ። ጵርስቅላ እባላለሁ። ጋብቻዬን ያፈረሱት እርስዎ ነዎት፣ አባባ።"

አዛውንቱ ከዘራቸውን ጨበጥ ለቀቅ አደረጉ። ሰው አክባሪ ናቸውና ፊታቸውን አላዞሩባትም።

"አፍራሽስ አይደለሁም። ያለውን ነው የተናገርኩት። እግዚአብሔር ሌላ ይሰጥሻል።"

"ሌላ አልጠየቅኩትም።"

"አሁን ንዴት ላይ ነሽ።"

"ነኝ። ቃልዎ እውነት ከሆነ ንዴቴን ውጬ እቀበላለሁ፤ ዘመዴን አላገባም። እውነት ካልሆነ ግን አጎንብሼ አልቀበልም። ላም የሌለውን ሰው ላም መልስ ሲሉት ሰማሁ። ያን ዕለት እኛ ቤት ሲፈርዱስ ስልኮቹ የት ነበሩ?"

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። ከፊት የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ጆሯቸውን ወደ ኋላ ሰጥተዋል። ጋሽ ሄራሞ ለመልስ ሲዘጋጁ ታች ስልኩ ጠራ፤ አነሱት። የሠርግ ድንኳን የት እንደሚከራይ ለሚጠይቅ ሰው አስረዱና ሲጨርሱ፣

"ምን ነበር ያልሽኝ?" አሏት።

ይህን የምጽፈው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። ፊታቸውን በደንብ አይቻለሁ። ዓይናቸው ደም የሞላ፣ ግንባራቸው ሳያቋርጥ የሚኮማተር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምረው ጫፉ የሚጠፋባቸው ሰው ነበሩ። ይህ የእርጅና ብቻ አይመስለኝም። በሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሠራተኞችም ላይ ይህንኑ አይቻለሁ።

"ስልኮቹ የት ነበሩ ነው ያልኩት" አለች ጵርስቅላ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

"እጄ ላይ ነዋ። የት ይሁኑ? ስሚ ልጄ፣ የአባቴ ቤት በር መቀርቀሪያ አልነበረውም። የተጣላ ሁሉ ይገባል፣ የተበደለ ሁሉ ይገባል። ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው። ዛሬ ሰው በእግሩ ከመምጣት ይደውላል፤ ስልኬን ዘጋሁ ማለት የአባቴን በር ዘጋሁ ማለት ነው። ይህን እንኳን አንቺ መንግሥትም አያስደርገኝም።"

"የአባትዎ በር ክፍት ነበር። ስንት ባለጉዳይ ነበር ታዲያ በአንድ ጊዜ አባትዎ ፊት የሚቀመጠው?"

"እንዴት ማለት? በየተራ ነዋ። የቀደመው ይገባል፣ ሌላው ከእንሰቱ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል።"

"የተጣላው ሰውስ ንግግሩን ሳይጨርስ ሌላ ሰው መጥቶ በአባትዎ ጆሮ ይናገር ነበር?"

"ማን ይደፍራል?"

"የእርስዎ ስልክ ይደፍራል" አለች። "እኔ በሩ ይዘጋ አላልኩም። ከእንሰቱ ሥር የሚጠበቅበት ቦታ ጠፋ ነው የምለው።"

ጋሽ ሄራሞ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ የዱራሜዋ፣ ጓደኛሽ ሁልጊዜ እንዲህ ናት? እንግዲህ ዛሬ ከሀዲያም ከከምባታም ተከብቤያለሁ።"

"እኔ ገና አልጀመርኩም" አልኳቸው። ሳቁና ከዘራቸውን መሬት አስነኩ።

ከዚያ ግን ቀላል ያልሆነ ነገር ተናገሩ። አምና ሁለት ወንድማማቾች በእንሰት ድንበር ገጀራ ሊማዘዙ ሲሉ የአንደኛው ሚስት ደወለችላቸው። ምሳ ላይ ነበሩ፤ ጉርሻቸውን ትተው አነሱ፤ በስልኩ እየጮኹ አስቆሟቸው።

"በምግብ ሰዓት አልነጋገርም ብዬ ቢሆን ኖሮ አንዱ ዛሬ መቃብር ውስጥ ነው። ለዚህ ምን መልስ አላችሁ፣ የተማራችሁት?"

ጵርስቅላ ግን፣

"ለዚያ ይነሳ" አለች። "እኛም ዘንድ ደም የሚፈሳት ወላድ ስትመጣ የያዝነውን ጥለን እንሮጣለን። ግን የሚመጣውን ሁሉ ድንገተኛ ካልን ድንገተኛዋን በምን እንለያታለን? ከጠዋት ጀምሮ ከደወሉልዎ መሐል ገጀራ የያዘ ነበር?"

"ድንኳን የሚከራይ ነበር" አሉ ጋሽ ሄራሞ ቀስ ብለው። "አንዱ ደግሞ የእህቱን ልጅ ስልክ ቁጥር ፈልግልኝ ያለኝ።"

"ታዲያ ስልኩን ሚስትዎ ያንሱልዎ" አለች ጵርስቅላ። "'አሁን ሰው ይዘዋል፣ ደም ያለበት ነገር ከሆነ ንገረኝ' ይሉታል። ካልሆነ ተራውን ይጠብቃል።"

እዚህ ላይ የእኔን ሥራ ነገርኳቸው። በላብራቶሪ ጠረጴዛዬ ላይ የአንዱን ሰው ደም ሳልጨርስ የሌላውን አልከፍትም። ይህ የማስታወስ ችሎታ ማነስ አይደለም፤ እጅግ ጎበዙ ባለሙያም ሁለቱን ከከፈተ አንድ ቀን የአንዱን በሽታ ለሌላው ይሰጣል። ሥራ ስጨርስም ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ነው የሚያድረው። ነገ የሚመጣው ሰው የትናንቱ ሰው ትርፍራፊ ላይ መቀመጥ የለበትም።

"የእኔ ጠረጴዛ ጭንቅላቴ ነው" አሉ። "እሱን ማን ይጠርጋል?"

"ጠዋት ሲነቁ መጀመሪያ የሚነኩት ምንድን ነው?" አለቻቸው ጵርስቅላ።

"መጽሐፍ ቅዱሴን።"

"ስልኩስ?"

"እንዳይጠፋብኝ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ነው የማሳድረው።"

ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጋሽ ሄራሞም አዩት፤ በከዘራቸው ወንበሩን ኮርኮር አደረጉና "አንተ ደግሞ የት ነው የምታሳድረው?" አሉት። ሰውየው ሳይዞር "ትራሴ ሥር ነው፣ አባባ" አለ።

"የእኔ የሚያድረው ማድቤት ነው" አለች ጵርስቅላ። "ታጥቤ፣ ጸልዬ፣ ቁርሴን በልቼ ከዚያ ነው የማነሳው። ስበላ እበላለሁ ብቻ። ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ትቼ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከሐኪሙም ከበሽተኛውም የሰማሁት መንገድ ላይ ይሰክንልኛል። ማታ ደግሞ የያዝኩትን እለያለሁ። ያለቀውን አመስግኜ እተዋለሁ፤ ለነገ የሚሆነውን ለነገ፤ የእኔ ያልሆነውን ለባለቤቱ።"

"ለእኔ ሁሉም የእኔ ነው።"

"ድካምዎም ከዚያ ነው።"

ሽማግሌው ለዚህ አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሌሊት ባለጉዳዮቹ ሁሉ በየቤታቸው ተኝተው ክርክሩ እሳቸው ጋ እንደሚቀጥል ነገሩን። "ሁለቱም ታርቀው ይሄዳሉ፤ እኔ ሳልታረቅ አድራለሁ" አሉ። ከዚያ ወዲያው ቀና ብለው "ይህ ማለት ግን በአንቺ ነገር ተሳስቻለሁ ማለት አይደለም" አሉ።

"እንየዋ" አለች ጵርስቅላ። ቦርሳዋን ከፍታ በሁለት እጅዋ ያዘችላቸው። "ጃጁራ እስክንደርስ ሁለቱንም እዚህ ያስቀምጡልኝ። ከዚያ የሚክያስን አያት ዘር ከመነሻው ይቁጠሩልኝ። ተመልሰው ያንኑ ካሉኝ ከመኪናው ወርጄ እጅዎን ስሜ እገባለሁ። ዘመዶቼ 'አይሆንም' ሲሉ ከእነሱ ቀድሜ እላለሁ።"

ብዙ ነገር ያስያዘች መሰለኝ።

ጋሽ ሄራሞ ስልኮቹን አዩ፣ እሷን አዩ። "የተማረ ሰው ልቡ ደንዳና ነው" አሉና ባለ ቁልፉን አስቀመጡ። ታች ስልኩን ቆይተው ጨመሩት።

መጀመሪያ እጃቸው የሚያደርገውን አጣ። ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ከዘራውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ፤ በመስኮት አዩ። ማንም አላናገራቸውም። ከዚያ ጀመሩ።

"የልጁ አባት እናት… ስሟ ወለቴ ነበር። ቀብሯ ላይ ነበርኩ። እናቴ የዚያው የሙዱላ አገር፣ የጠምባሮ ሰው ስለሆነች ይዛኝ ሄደች። ዝናብ ነበረ። ወንድሞቿ መጥተው…"

በዚህ መሐል ቦርሳው ውስጥ ስልክ ጠራ። ጵርስቅላ ገልጣ አየችና ፊቷ ተለወጠ። የምታውቀው ስም ኖሯል፤ የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን። የእሳቸውንም ፊት አየሁ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ እጃቸው ከከዘራው ተላቆ ግማሽ መንገድ ሄደ።

"ስሙን አትንገሪኝ" አሉ።

ጠራ፤ ጠራ፤ ዝም አለ።

"ወንድሞቿ ከአንጋጫ መጥተው አለቀሱ። የእናቷ ልጆች። ከእነሱ ጋር ታናሽ እህቷ ነበረች፤ ፊቷ ቁርጥ እሷን ነው።" ቆሙ። "ከሕፃንነቷ ከጃጁራ ተወስዳ በእነሱ ቤት አንጋጫ ያደገችው ሌላዋ ልጅ… እናቷ ሞታባት ለአክስቷ የተሰጠችው…"

ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ይወርድ ነበር፤ እንሰቱና ባሕር ዛፉ በመስኮቱ ያልፋል። ሲገልጡት ወደ ጵርስቅላ ሳይሆን ወደ መሬት አዩ።

"እሷ የሾኔዎቹ አያት ናት። ወለቴ አይደለችም። ያን ዕለት አባትሽ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ከሾኔ ደወሉልኝ። 'አያታችን ከየት ናት፣ ልጆቻችን ይጠይቁናል' አሉኝ። ነገርኳቸው። ስልኩን ዘጋሁና ያንኑ ለአባትሽ ደገምኩት። ለስልክ የሰጠሁትን መልስ ለቤቱ ሰጠሁ።"

ጵርስቅላ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ደግሞ ልማዴ ስለሆነ ጠየቅኩ፤

"ይህኛውስ ትክክል ለመሆኑ በምን እናውቃለን? የመጀመሪያውንም በእርግጠኝነት ነው የተናገሩት።"

እንዲህ ማለቴ ጭካኔ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ግን ለሁለተኛ ጊዜ መሳሳት ከመጀመሪያው ይብሳል። ጋሽ ሄራሞም አልከፋቸውም። "የወለቴ ታናሽ እህት እስካሁን አንጋጫ አሉ" አሉ። "ሚክያስም ልጠይቃቸው ሲል ነውር ነው ብለው ያስቆሙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዱ እኔ ነኝ።"

ጃጁራ ወርደን ከጫጫታው ራቅ ብለን ከአንድ ግንብ ጥግ ቆምን። ታች ስልኩን ከጵርስቅላ ተቀበሉና ያመለጣቸውን ጥሪ ሳይከፍቱ አንድ ሰው ጋ ብቻ ደወሉ። የአሮጊቷ የልጅ ልጅ አነሳ፤ አሮጊቷም ወደ ስልኩ ቀረቡ። ንግግሩ በከምባትኛ ስለነበር እኔም በጆሮዬ ሰማሁት። "እኔም ወለቴም ከአንድ ማሕፀን፣ እዚሁ አንጋጫ ተወለድን። እናታችን ከጃጁራ ያመጣቻትን አንዲት ልጅ አሳድጋለች፤ እሷን ለሾኔ ነው የዳርናት። ይህን ለመጠየቅ እስከዛሬ ምን ያዛችሁ?" አሉ። ጋሽ ሄራሞ ይቅርታ ጠየቁና ስልኩን ወደ ቦርሳው መለሱት።

"አሁን አባትሽ ቤት እንሂድ" አሉ።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። የጵርስቅላ አጎት አቶ ኃይለኢየሱስ ለሙዱላ ሰዎች የሚነገረውን እያዘጋጁ ነበር። ጋሽ ሄራሞ ቆመው፣ ሳያስተባብሉ፣ በመኪና ውስጥ ያሉትን ደገሙት። አሮጊቷ ያሉትንም ጨመሩ።

አቶ ኃይለኢየሱስ ተነሱ። "ጋሽ ሄራሞ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ሽማግሌ አንዴ የተናገረውን ካጠፈ ነገ ማን ያምነዋል? ለእርስዎም ለስምዎም ብለን ነገሩ እንዳለ ቢቀር ይሻላል።"

"ስሜን እኔ እጠብቀዋለሁ፣ ኃይለኢየሱስ። አንተ የወንድምህን ልጅ ጠብቅ። ሽማግሌ ቃሉን አይመልስም ይባላል። እኔ ዛሬ እመልሳለሁ። የተሳሳተውን የሚያጸና ሽማግሌ የሚፈልግ ካለ ሌላ ይፈልግ።"

ቦርሳው ውስጥ ስልኩ እንደገና ጠራ። ሁሉም ሰው ወደ ጵርስቅላ ዞረ። እሳቸው አልዞሩም። "ይጥራ" አሉ። "ተራው አልደረሰም።" ከዚያ ተቀመጡና አቶ አበራ እስኪናገሩ ጠበቁ። አቶ አበራም ያሉት አንድ ነገር ነው፤ "ለሙዱላ ሰዎች ኑ በሏቸው።"

ጋብቻው ከገና በፊት ተፈጸመ። እኔ ግን ስለ ሠርጉ ልጽፍ አልተነሳሁም።

ጋሽ ሄራሞ ልማዳቸውን ለወጡ። ስልኮቹ የሚያድሩት ማድቤት ነው። ጠዋት ከጸሎት በኋላ ከጓሮ እንሰታቸው መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጠው የዕለቱን አንድ ጉዳይ ብቻ ያስባሉ፤ ከዚያ በፊት በሩ አይከፈትም። አንዱን ባለጉዳይ ሳይጨርሱ ሌላውን አይቀበሉም። ድንገተኛ ነገር ያለበትን ባለቤታቸው ይለያሉ። ሲበሉ ይበላሉ። በእንግዳ መቀበያ ክፍላቸው የታጨቀውን የስጦታ ከዘራና ጋቢ ለየዘመዱ አከፋፍለው ግድግዳው ታየ። ጥቅሙን ራሳቸው ነው የነገሩኝ። ቀድሞ ሦስቴ የሚመላለሱበት እርቅ አሁን በአንድ መቀመጥ ያልቃል፤ ሰው ሲናገር ጫፉን ይሰማሉ፤ ሌሊት ይተኛሉ። እኔ ያየሁት ደግሞ ዓይናቸው መጥራቱንና የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር መጨረሳቸውን ነው። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለበት መድኃኒት የለም። የጠፋው ነገር ቢኖር ትዕግሥት የሌላቸው ጥቂት ሰዎች ወዳጅነት ነው። ኮሩ ተባሉ፤ ሰው ጠሉ ተባሉ፤ በአንዲት ነርስ ተመከሩ ተብሎም ተሳቀባቸው።

ባለፈው ሰሞን የጵርስቅላን መልእክት ይዤ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ገና አልተከፈተም ነበር። ውጭ አግዳሚ ላይ ያ በሚኒባሱ ሳለን የደወለው ባለሥልጣን ተቀምጧል፤ መኪናው መንገድ ላይ ቆሟል፤ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ጋሽ ሄራሞ ከጓሮ ሲወጡ እሱ ተነስቶ፣

"ጋሽ ሄራሞ፣ እኔን እንደዚህ ማስጠበቅ ንቀት አይሆንም?" አላቸው።

"ንቀትስ አንተን እየሰሙ ሌላ ሰው መስማት ነው" አሉት። "እሱን ብዙ ዓመት ሠራሁት፤ አንተም ላይ ሠርቼዋለሁ። አሁን ግባ፤ ከአንተ ሌላ ሰው የለኝም።"

ከዚያ እኔን አዩኝ። መልእክቱን ልሰጣቸው እጄን ስዘረጋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የመጣሽው ከእሱ በኋላ ነው፣ የዱራሜዋ። ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ።